ባላ ምን ደርሶባት ነበር? «የቅዱሳት መጻሕፍት ሴቶች ልብወለድ ይቅርብን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዘዋወር አንድ ጽሑፍ አለ። ደሴ ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ ደርሶታል ማለት ይቻላል። የኮምቦልቻ ጓደኞቼም «አይተሽዋል? ምን ትያለሽ?» እያሉ ልከውልኛል። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። የወሎ ሰው መሆናቸውን ግን ይናገራሉ። አጻጻፋቸው ጨዋ ነው። ሃይማኖታቸውን እንደሚወዱም ያስታውቃል። የምመልስላቸውም በዚያው አክብሮት ነው።

የሚቃወሙት የሣራን፣ የአጋርን፣ የሩትን፣ የአስቴርን፣ የማርያምን ሕይወት በታሪካዊ ልብወለድ መልክ የሚተርኩ መጻሕፍትን ነው። የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ቅዱሳት መጻሕፍት ሙሉ ናቸው፤ መጨመር ክልክል ነው፤ ያልተነገረውም ሆን ተብሎ ነው ያልተነገረው ይላሉ። ይህ ዓይነቱ አጻጻፍ ከውጭ የመጣ ነው፣ በእኛ ዘንድ ሥር የለውም ይላሉ። ወጣቱ ልብወለዱንና ቃሉን ያምታታቸዋል ብለው ይሰጋሉ። ደራሲዎቹ የዛሬን የሴቶች መብት ክርክር በጥንት ሴቶች አፍ ያስገባሉ፣ የእነዚያ ሴቶች ጌጥ ግን ዝምታና መታዘዝ ነበር ይላሉ። በመጨረሻም፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት ወሎ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጠብ ይጭራል ብለው ያስጠነቅቃሉ።

እኔ የምጀምረው «ሥር የለውም» ከሚለው ነው። ዋናው ስህተት ያለው እዚያ ስለመሰለኝ ነው።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 35 ላይ አንድ ቁጥር አለ። ሮቤል የአባቱን ቁባት ባላን ተኛት፣ ያዕቆብም ሰማ ይላል። በቃ። ፈቅዳ ይሁን ተገድዳ አይነግረንም። ምን እንደተሰማት አይነግረንም። ትረካው ወዲያው የያዕቆብን ወንዶች ልጆች ወደ መቁጠር ያልፋል።

አሁን መጽሐፈ ኩፋሌን ምዕራፍ 33 ላይ ግለጡ። ሮቤል ባላን ስትታጠብ ያያታል። ሌሊት ተደብቆ ይገባል። እሷ ተኝታለች። ትነቃና ትጮኻለች፣ ትይዘዋለችም። ሮቤል መሆኑን ስታውቅ ታፍራለች፣ እጇን ትለቅቃለች፣ እሱም ይሸሻል። በደረሰባት ነገር እጅግ ታዝናለች። ለማንም ሳትናገር ትቆያለች። ያዕቆብ መጥቶ ሲፈልጋት ግን የሆነውን ትነግረዋለች። ዘፍጥረት በአንድ ቁጥር ያለፈው ነገር እዚህ የአንዲት ሴት ሌሊት ሆኖ ተነግሯል። ጥፋቱም የማን እንደሆነ ግልጽ ሆኗል።

ኩፋሌ በዚህ አያበቃም። በዘፍጥረት ስም የሌላት የኖኅ ሚስት እዚያ እምዛራ ትባላለች። የቃየን ሚስት አዋን ናት። የያዕቆብ ልጅ ዲና ሴኬም ባስነወራት ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ እንደነበረች ይነገረናል። ዮሴፍ ጠፋ ሲባል ባላ በኀዘን እንደሞተችም ተጽፏል። ርብቃ ልጇን ያዕቆብን የምትባርክበት ረጅም ቃል ተሰጥቷታል።

ኩፋሌ ልብወለድ ነው አላልኩም። ለኦርቶዶክስ አማኝ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። የዘፍጥረትን ታሪክ እንደገና መተረክ፣ ስም የሌላትን ሴት በስሟ መጥራት፣ በደል የደረሰባትን ከእሷ ወገን ሆኖ ማየት ለዚህ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ኩፋሌ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ለዓለም ያቆዩት የእኛ አባቶች ናቸው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጠብቆ ያኖረ ሕዝብ «የሴቶቹን ታሪክ ማስፋት የፈረንጅ ነገር ነው» ሲባል ዝም ብሎ መስማት የለበትም።

ንግሥተ ሳባንም እንይ። አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 10 ላይ ያላት 13 ቁጥር ነው። ስም የላትም። 117 ምዕራፎች ያሉት ክብረ ነገሥት ግን ማክዳ ብሎ ይጠራታል፣ መንገዷን ይተርካል፣ በሰሎሞን ቤት ቅመም የበዛበት ራት በልታ ሌሊት ውሃ እንደጠማት ይነግረናል። ይህ ትረካ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው። በሸራ ተስሎ ስንቱ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል! ሥዕሉን ያየ ልጅ ሁሉ ታሪኩን ያውቀዋል። የአንደኛ ነገሥትን 13 ቁጥሮች ያነበበ ግን ስንት ነው?

ስለ እመቤታችንም እንዲሁ። የኢያቄምና የሐና ስም ከአራቱ ወንጌላት በአንዱም የለም። በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ መግባቷም የለም። ቤተ ክርስቲያን ግን ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ብላ ታከብራለች። መልአኩ ሲመጣ ማርያም ምን እየሠራች እንደነበር ሉቃስ አይነግረንም። የእኛ ሠዓሊዎች ግን እንዝርት አስይዘው ይሥሏታል። ወርቅና ሐር አስማምታ ስትፈትል ነበር የሚለውን ከሕፃንነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ይህ ትውፊት ነው፤ ልብወለድ ደግሞ ትውፊት አይደለም። ልዩነቱን ጸሐፊው ቢያነሡት እስማማለሁ። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ያች ልጅ በዚያች ሰዓት እጇ ላይ ምን ነበር?

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልመለስ። «አትጨምሩ» የሚለው ቃል በዘዳግም 4 እና በራእይ 22 አለ። ጸሐፊው ሁለቱንም ጠቅሰዋል። እኔም አከብረዋለሁ። ግን ትእዛዙ የሚከለክለው የራስን ቃል የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሎ ማቅረብን ነው። ሽፋኑ ላይ «ልብወለድ» ተብሎ የደራሲው ስም የታተመበት መጽሐፍ እንዲህ አይልም። ትእዛዙ በጸሐፊው መንገድ ከተተረጎመ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚሠራው የገና ድራማ መቅረት አለበት። እዚያ ድራማ ላይ ማርያም ከዮሴፍ ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች። የቤተልሔም ሰው «ቦታ የለንም» እያለ በር ይዘጋባቸዋል። ያ ሁሉ ንግግር በሉቃስ አልተጻፈም። ልጆች የጻፉት ነው። አንድም ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተጨመረ ብሎ አልተቆጣም። ተገቢም ነው።

«ዝም የተባለው ሆን ተብሎ ነው» ለሚለው ደግሞ ሪጽፋን አንብቡልኝ እላለሁ። ሁለተኛ ሳሙኤል 21። ከሳኦል ቤት ሰባት ወንዶች ለገባዖናውያን ተላልፈው ይሰቀላሉ። ሁለቱ የሪጽፋ ልጆች ናቸው። እሷ ማቅ ወስዳ ድንጋይ ላይ ታነጥፋለች። ከመከር መጀመሪያ አንስቶ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ እዚያው ትቀመጣለች። ቀን ወፍ፣ ሌሊት አውሬ እንዳይነካቸው ሬሳውን ትጠብቃለች። ዳዊት ይህን ሲሰማ ነው አጥንታቸውን ያስለቀመው፣ የሳኦልንና የዮናታንንም አጥንት አስመጥቶ ያስቀበረው። ንጉሡን ያነቃነቀችው እሷ ናት። በምዕራፉ ውስጥ ግን አንድ ቃል አትናገርም።

ይህ ዝምታ «እዚህ ጋ አትቁሙ» የሚል አይመስለኝም። እንዲያውም መጽሐፉ ማቁን፣ ድንጋዩን፣ ወፉንና አውሬውን ቆጥሮ ነው ያስቀመጠልን። ቁሙና እዩአት እያለን ነው። በደሴና በኮምቦልቻ በ2014ቱ ጦርነት ልጁን ያጣ ሰው አለ። የልጇ አስከሬን የት እንደወደቀ ሳታውቅ የቀረች እናት አለች። አንድ ደራሲ የሪጽፋን ወራት በልብወለድ ቢጽፍላት ከቃሉ ያርቃታል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ያንን ምዕራፍ ከነጭራሹ መኖሩን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። በስብከትም እምብዛም አይነሣም።

ሦስተኛው የመምታታት ስጋት ነው። ከአምስቱ በቁም ነገር የምወስደው ይህንን ነው። ሰው ይምታታበታል፣ እውነት ነው። ግን በምን?

ማርያም መግደላዊት ማን ናት ብላችሁ መንገድ ላይ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «ጋለሞታ የነበረችው» ይላችኋል። ከአራቱ ወንጌላት አንዱም እንዲህ አይልም። ሉቃስ 8 ሰባት አጋንንት እንደወጡላትና ጌታን በገንዘባቸው ካገለገሉት ሴቶች አንዷ እንደነበረች ይናገራል። ከኃጢአተኛዋ ሴት ጋር አንድ አድርጎ ያስተማረው የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ ነው፣ በ591 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሰማው ስብከት። ልብወለድ አልነበረም። ስብከት ነበር። ስለዚህም ሰው እንደ ወንጌል ተቀበለው።

ቤርሳቤህንም አስቡ። «ገላዋን እያሳየች ዳዊትን አሳተችው» ሲባል ያልሰማ አለ? ሁለተኛ ሳሙኤል 11ን ግን እዩት። በሰገነቱ ላይ የሚመላለሰው ዳዊት ነው። ያየው እሱ ነው። ባሏ ዘመቻ ላይ መሆኑን እያወቀ መልእክተኛ ልኮ ያስመጣት እሱ ነው። እሷ በምዕራፉ ያላት ቃል የላከችው መልእክት ብቻ ነው፤ አርግዣለሁ የሚል። ነቢዩ ናታን ሲመጣ የሚወቅሰው ዳዊትን ነው። በምሳሌውም እሷን ያስመሰላት በድሃው ሰው እቅፍ ባደገችው በግ ነው። «አሳተችው» የሚለውን ማን ጨመረው? ልብወለድ ደራሲ አይደለም። ከአፍ ወደ አፍ ስንቀባበል የጨመርነው ነው፣ ያውም «ልብወለድ» የሚል ምልክት ሳናደርግበት።

ስለዚህ የጸሐፊው ስጋት ትክክል ሆኖ አቅጣጫው የተሳሳተ ይመስለኛል። አደገኛው ራሱን የማያስታውቅ ጭማሪ ነው። ጥሩ ልብወለድ ጭማሪ መሆኑን በሽፋኑ ይናገራል። በመጨረሻው ገጽ ደራሲው የቱ ከመጽሐፍ፣ የቱ ከራሱ እንደሆነ ቢያስረዳ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ይህንን እንደ ግዴታ ቢጠይቁ ከጎናቸው እቆማለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አምናለሁ። ከመስመር የወጡ መጻሕፍት አሉ። በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ የታተመና በጣም የተሸጠ አንድ የዲና ልብወለድ አለ። ዘፍጥረት 34 ሴኬም ዲናን እንዳስነወራት ይናገራል። መጽሐፉ ግን ያንን ወደ ፍቅር ታሪክ ይለውጠዋል። አልወደድኩትም። የተጻፈውን የሚገለብጥና ያልተጻፈውን የሚሞላ አንድ አይደሉም። ሆኖም ያ መጽሐፍ ምዕራፉን ደግሜ እንዳነብ አደረገኝ። ወንዶቹ ሁሉ ስለ ዲና ይነጋገራሉ። አባቷ፣ ወንድሞቿ፣ የከተማው ሰው። እሷ አንድ ቃል አትናገርም። ያንን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

የዝምታና የመታዘዝ ነገር ብዙ አያቆየኝም። መጽሐፉ ራሱ መልሶታል። ዘኍልቁ 27 ላይ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች፣ ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ፣ በሙሴና በአለቆቹ ፊት ቆመው የአባታችን ርስት ይሰጠን ይላሉ። እግዚአብሔርም ትክክል ናቸው ይላል። አዋላጆቹ ሲፓራና ፉሐ የፈርዖንን ትእዛዝ አልፈጸሙም፤ ተባረኩበት። አስጢን ንጉሡ ሲጠራት አልመጣም አለች። አቢግያ ባሏ ሳያውቅ ስንቅ ጭና ዳዊትን ተቀበለችው፤ የቤቱን ሰው ከሞት አዳነች። ይሁዳ ስለ ትዕማር «ከእኔ ይልቅ እርስዋ ጻድቅ ሆነች» አለ። ደፋር ሴት ለመጻፍ ወደ ውጭ አገር ክርክር መሄድ አያስፈልግም።

አንዳንድ ደራሲ የዛሬን መፈክር በጥንት ሴት አፍ ያስገባል የሚለው ግን ልክ ነው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ያታክታል። ችግሩ ግን ደራሲው ዘመኑን ለማወቅ አለመድከሙ ነው። ሣራን በድንኳኗ በርበሬ የሚያስቀጠቅጣት ደራሲ ቢኖር እሱም ያው ጥፋት ነው፤ በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ወደዚህኛው የዓለም ክፍል የመጣው ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ነው። ሩትን ለመጻፍ ቃርሚያን ማወቅ ያስፈልጋል። ዘሌዋውያን 19 የእርሻውን ዳር አትጨዱ፣ የወደቀውን ለድሃና ለመጻተኛ ተዉ እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል። ሩት የለቀመችውን እስከ ማታ ወቅታ አንድ ኢፍ የሚያህል ገብስ እንዳገኘች፣ ከምሳዋ የተረፋትንም ለኑኃሚን እንደወሰደች ማየት ያስፈልጋል። ቃርሚያና አውድማ ወሎ ገጠር ላደገ ሰው የመጽሐፍ ቃል ብቻ አይደሉም። እንዲያውም የዚህ አገር ደራሲ ሩትን ቢጽፋት ከብዙዎቹ የውጭ ደራሲዎች የተሻለ ይጽፋታል ብዬ አምናለሁ።

የቀረው የወሎ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልባቸው ተነክቶ ጽፈዋል። የእኔም ተነክቷል፤ ግን ወደ ሌላ ወገን።

እነዚህ ሴቶች የጋራችን ናቸው። በቁርኣን በስሟ የተጠራች ሴት መርየም ብቻ ናት። 19ኛው ሱራ (የቁርኣን ምዕራፍ) በስሟ ነው የሚጠራው። እዚያ ምጥ ወደ ዘንባባው ግንድ እንደወሰዳትና ከዚህ በፊት በሞትኩ ኖሮ እንዳለች ይነገራል። የሙሳ እናት ልጇን ወንዝ ላይ ጥላ ልቧ ባዶ እንደሆነ በ28ኛው ሱራ አለ። ሐጀር፣ የዘፍጥረቷ አጋር፣ ደግሞ ለሙስሊም የኢስማዒል እናት ናት። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ከኢብን ዐባስ በቡኻሪ የሐዲስ መጽሐፍ እንደተላለፈው፣ ኢብራሂም በረሃው ላይ ትቷት ሲሄድ ተከትላ አላህ ነው ያዘዘህ ብላ ጠየቀችው። አዎ ሲላት፣ እንግዲያው አይጥለንም አለች። ውሃ ፍለጋ በሰፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ሐጃጁ ዛሬም የእሷን እርምጃ ይሄዳል። በዘፍጥረት በኩል ደግሞ አጋር በምድረ በዳ እግዚአብሔርን «የሚያየኝ አምላክ» ብላ ራሷ ስም አውጥታ የጠራች ናት። እኔ ባደግኩበት የደሴ ሰፈር አራስ ሲጠየቅ ሙስሊሟንም ክርስቲያኗንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። ማንም አልተጣላም።

ወሎን የጎዳው ተረክ ነው ወይ? ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው ነበር። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ የታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ስንቱ ተሰደደ፣ ስንቱ ሞተ። ያቆሰለን የአዋጅ ኃይል ነበር። አንዱ የሌላውን ታሪክ ቡና ላይ ተቀምጦ መስማቱ አይደለም። እሱማ ያቆየን ነው።

እዚህም ግን የምቀበለው አለ። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ነቢያትን በልብወለድ ማናገርን አይፈቅዱም። ለሙስሊም ጎረቤቱ የሚያስብ ደራሲ ይህን ማክበር አለበት። የኢብራሂምን ቃል ሳይጨምር የሐጀርን መንገድ መጻፍ ይችላል። ውሃው ከፈለቀ በኋላ ከእሷ አጠገብ ለመስፈር ፈቃድ ከጠየቁት ከጁርሁም ሰዎች መካከል አንዲትን ሴት ይዞ፣ በእሷ ዓይን ሐጀርን ማየት ይችላል። ለክርስቲያኑም ስለ እመቤታችን ሲጻፍ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት። ጸሐፊው «ጥንቃቄ ይደረግ» ብለው ቢያቆሙ ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር። እሳቸው ግን «ይቅርብን» ነው ያሉት።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ከሚቃወማቸው ልብወለዶች አንዱንም በስሙ አይጠቅስም። አንድም ገጽ አያሳይም። «እንዲህ ያሉ መጻሕፍት» እያለ ነው የሚሄደው። የትኛውን አንብበው ነው የከፋቸው? ርዕሱንና ገጹን ይንገሩን። እኔም ያንኑ ገጽ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ምዕራፍ ጋር አስተያይቼ አነበዋለሁ። የተጻፈውን ገልብጦ ከሆነ ወቀሳውን አብሬያቸው በስሜ እፈርማለሁ።